ስድስት ዓመት ያልበላሁት ሥጋ

ሳህን ባዶውን አይመለስም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም። ብቸና እያለን እናቴ የጎረቤት ሳህን ባዶውን ከምትመልስ ገበያ በባዶ እግሯ ብትሄድ ትመርጥ ነበር። ካርቱም መጣሁ። ሰዉ ልብሱ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ስግደቱ ሌላ። ሳህን ላይ ሲደርስ ግን ቁርጥ የብቸና ሰው። ጎረቤት ሳህን ይልካል፤ አንድ ነገር ጣል ታደርግበትና ትመልሳለህ፤ እሱም ዝም አይልም፣ ደግሞ ይልካል። ጠብ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ገብቶ ይገላግለን ነበር።

ይህን የማነሳው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሥራዬ ሳህን አይደለም፤ ጂኦግራፊ ነው። ካርቱም ውስጥ የአገራችን ልጆች በሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ ስውጥ ኖሬያለሁ። ወንዝና ተራራው ብዙ አያስቸግርም። አባይን ልጆቹ በየቀኑ ያዩታል። ተራራ አይተው ስለማያውቁ ሰሌዳ ላይ ስስልላቸው "ኡስታዝ፣ ድንኳን ነው?" ይሉኛል፤ እሱንም እናልፈዋለን። መከራዬ የሚጀምረው "ባህል፣ ቋንቋና ሃይማኖት" የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው።

መጽሐፉ ለሦስቱም ንጹሕ ንጹሕ ትርጉም አለው። ባህል ሰው ከሰው የሚማረው አኗኗር ነው። ቋንቋ ባህሉን ከአባት ወደ ልጅ ያሻግራል። ሃይማኖት ሰው ስለ ፈጣሪው ያለው እምነት ነው። ሦስት ክብ ትሠራለህ፣ በሦስት ቀለም ትቀባለህ፣ ደወል ይደወላል፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ልጆቹ ግን ካርቱም ያደጉ ናቸው። አንዱን "የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ምንድን ነው?" ብዬ ብጠይቀው በአማርኛ ጀምሮ በዓረብኛ ጨረሰልኝ። አንዲት ልጅ ደግሞ ፈተና ላይ "ሃይማኖት ማለት ምን ማለት ነው?" ለሚለው ምን ብላ ጻፈች መሰላችሁ? "ሥጋ ከመብላት በፊት ማን አረደው ብሎ መጠየቅ ነው።" ኤክስ አደረግሁባት። ሁለት ነጥብ ነበረው። አባቷ ሊከራከር ቢመጣ እሱንም መጽሐፉን ገልጬ አሳፍሬ መለስኩት። ያኔ መጽሐፉን አምነው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥጋው እንምጣ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በእኛ አገር ክርስቲያን የክርስቲያን እርድ ይበላል፣ እስላም የእስላም እርድ ይበላል፤ አለቀ። ሠርግ ሲሆን ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሁለት በሬ ይወድቃል፣ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ሲጨፍር ውሎ ሲርበው ወደየዳሱ ይገባል። ማንም ማንን አይቀየምም። ከአገር ስወጣ እናቴ "ጸሎትህን አትርሳ" አላለችኝም። "ልጄ፣ ሥጋውን ተጠንቀቅ" ነው ያለችኝ። ጸሎቱን እግዜር ነው የሚያየው፤ ሥጋውን ግን የብቸና ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ካርቱም ደግሞ ሥጋው በሙሉ የእስላም እርድ ነው። ክርስቲያኑ ታዲያ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ይበላል። አንዳንዱ ይበላና አልበላም ይላል። እኔ የእውነቴን አልበላም ነበር። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ እልህ ነው። ፉል በሰሊጥ ዘይት በላሁ፣ ሽሮ በላሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንዝ ዳር ሄጄ ዓሣ በላሁ። ዓሣ ደግ ፍጥረት ነው። ሃይማኖት የለውም፣ አራጅ አያስቸግርም፣ ከውሃ ሲያወጡት በራሱ ጊዜ ይሞታል። በግ እንደ ዓሣ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር።

የምኖረው ሳጃና የሚባል ሰፈር ነው፣ ሐጃ ሳዲያ ግቢ። ሐጃ ሳዲያ የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ሰባ ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ድምፃቸውን ግን ምንም የማያመው ሱዳናዊት። ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። እሳቸው ግቢውን ለሦስት አበሻ አከራይተው ይኖራሉ። አንዱ እኔ ነኝ። አንዱ ጋሽ ጥላሁን ናቸው፤ የጎንደር ሰው፣ መካኒክ የነበሩ፣ ጸጉራቸው እዚሁ የሸበተ። ሦስተኛዋ ዘሀራ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ማንሺያ ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት የምትሠራ። ሳምንቱን እዚያው ታድርና ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወደ ክፍሏ ትመጣለች፣ ዓርብ ትመለሳለች።

ጠዋት ጠዋት ሐጃ ሳዲያ ምንጣፋቸውን አንጥፈው ወደ መካ ይሰግዳሉ። ጋሽ ጥላሁን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ይጸልያሉ። ከአገራችን ሲታይ መካ ወደ ሰሜን ናት፤ ከካርቱም ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለምትሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንገት ዘወር ማድረግ ያህላል። ሁለቱም ፊታቸውን የሚያዞሩት ግድግዳው ሥር ወዳለው የውሃ እንስራ ነው። የጂኦግራፊ መምህር አይደለሁ? በኮምፓስ ለክቼዋለሁ።

እዚያ ግቢ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ የዐረፋ ዕለት፣ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ሐጃ ሳዲያ ሳህን ይዘው ቆመዋል። በከሰል የተጠበሰ የበግ ጎድን፣ ጥጉ ላይ ጥሬ ጉበትና ጨጓራ በሎሚ በቃሪያ ተለውሶ። ጥሬ መብላት የእኛ ብቻ መስሎኝ ስኮራ ነበር፤ ለካ እነሱም ማራራ ብለው የዒድ ጠዋት ይበሉታል። ምራቄን ዋጥኩ። "ሐጃ ይቅርታ፣ እኔ ይህን አልበላም" ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው "አላህ ይስጥልኝ" ነው። ይሉኝታ የምትባል በሽታ መድኃኒቷ እስካሁን አልተገኘም።

ሳህኑን ይዤ ክፍሌ ውስጥ ቆምኩ። ልጣለው? ሥጋ አይጣልም። ልብላው? እናቴ ብቸና ሆና አየችኝ። በመጨረሻ በጓሮ ዞሬ ለዒድ ዕረፍት ለመጣችው ለዘሀራ ሰጠኋት። እስላም ናት፣ እርዱ የእሷ ነው፣ ችግሩ ተፈታ። በማግስቱ ሳህኑን አጥቤ ብርቱካን ሞልቼ መለስኩ። ሐጃ ሳዲያ እንዴት እንደነበረ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ዝም አልልም፣ "ጣት ያስቆረጥማል" አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በሁለተኛው ዓመት ሳህኑ ክምር ሆነ። በሦስተኛው ሁለት ሳህን መጣ። በአራተኛው ላይ "የኡስታዙ" ተብሎ የሚለይ ብልት ነበረኝ። ሐጃ ሳዲያ ለጎረቤት ሁሉ፣ ይህ አበሻ እንደኔ ሥጋ የሚጣፍጠው የለም፣ አምጡ ብቻ ነው የሚለው፣ ነገር ግን አይወፍርም፣ ትል ሳይኖርበት አይቀርም እያሉ ያወሩ ጀመር። አንድ ቀን የትል መድኃኒት አመጡልኝ። ዋጥኩት። ምን ላድርግ? ዘሀራ ስትወፍር ግን ማንም ልብ አላለም።

ስድስተኛው ዓመት መጣ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማ የምንለው፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ቀርቶታል። ለማሳደስ ያገሩ ሰው ዋስ ሆኖ መፈረም አለበት። እስካሁን የሚፈርሙልኝ ሐጃ ሳዲያ ናቸው። ያለሳቸው ፊርማ ሥራ የለም፣ ቤት የለም፣ ሰሌዳ ላይ ድንኳን የሚመስል ተራራ መሳልም የለም። ወረቀቱን ከዒዱ በፊት ሰጠኋቸው፤ ከዒድ በኋላ ኢንሻአላህ ብለው በቶባቸው፣ በሚከናነቡት ረጅም ጨርቅ፣ ጠቀለሉት።

ያን ዓመት ዐረፋ የዋለው ማክሰኞ፣ የፍልሰታ ጾም ማለቂያ ላይ ነው። ዘሀራ የለችም፤ አሠሪዎቿ እንግዳ ስለበዛባቸው ዒዱን አልለቀቋትም። እኔ እንግዲህ ያለ ዘሀራ ምን እሆናለሁ ብዬ ስብሰለሰል ሐጃ ሳዲያ በር ላይ ደረሱ። የያዙት ሳህን አይደለም፣ ትሪ ነው። አስቀምጠውልኝም አልሄዱም። ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዘንድሮ ልጆቻቸው ከውጭ አገር እንዳልመጡ፣ ዒድን ብቻቸውን በልተው እንደማያውቁ፣ ስለዚህ ከልጄ ከኡስታዙ ጋር እበላለሁ ብለው እንደመጡ ነገሩኝ።

ጾም ነኝ አልኳቸው። እውነት ነው፣ ጾም ነበርኩ። ተደሰቱ። እስከ መግሪብ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ነው? ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ አሥራ አምስት ቀን ነው። መቼ ያልቃል? እዚህ ላይ ልዋሽ አሰብኩ፤ ግን በጾም እንዴት ይዋሻል? "ነገ" አልኳቸው። እንግዲያው ነገ እንበላለን ብለው ትሪውን ወደ ማቀዝቀዣቸው ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ይዘው ሲመጡ ረቡዕ ስለሆነ ረቡዕም እንደማይበላ አስረዳሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ትሪው እንደገና ሞቆ መጣ።

ከሐሙስ የሚያስጥል ጾም አላገኘሁም።

ሐጃ ሳዲያ እጄን አስታጠቡኝ። ከጎድኑ መርጠው ቆረሱ፣ ጠቀለሉ፣ ወደ አፌ አመጡ። ጉርሻ ነው። ሱዳን ጉርሻ ከየት አመጣ እንዳትሉኝ፤ ከዘሀራ ተምረውት ነው። ክፍል ውስጥ የባህል ስርጭት ስል ምሳሌዬ ሁልጊዜ ከአገራችን በገዳሪፍ በኩል በአውቶቡስ የሚመጣው በርበሬ ነበር። እነሆ ስርጭቱ ራሱ ከአፌ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶት ቆመ። ጉርሻ አይመለስም፤ ይህ ብቸናም ወሎም አንድ ላይ የሚፈርዱበት ነው። እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሥጋቸውን አንድም ቀን ቀምሼው እንደማላውቅ፣ ሃይማኖቴ እንደማይፈቅድልኝ፣ አምስቱን ዓመት ዘሀራ እንደበላችልኝ። ሐጃ ሳዲያ ጉርሻውን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ።

"ለዘሀራ እኮ የራሷን እልክላት ነበር" አሉ።

ይህን አላውቅም ነበር። ለካ ዘሀራ በየዓመቱ ሁለት ድርሻ ስትበላ ኖራለች።

ሐጃ ሳዲያ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። አለመብላቴ እንዳላስቀየማቸው ነገሩኝ፤ ሰው የማይበላውን አይበላም። ያስቀየማቸው ሌላ ነው። "አምስት ዓመት 'ጣፈጠኝ' አልከኝ። ስድስት ዓመት ላንተ የሚሆን ብልት ስመርጥ ኖርኩ። ወላሂ፣ ከልጆቼ በፊት ያንተን ነበር የማነሳው። እኔ ዋስ የምሆነው ለማውቀው ሰው ነው። አንተን አላውቅህም ማለት ነው።" ይህን ብለው ተነሡና ትሪውን ይዘው ወጡ። ወረቀቴም በቶባቸው እንደተጠቀለለ አብሮ ሄደ።

አፈርኩ። ፈራሁም። ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ሌላ ዋስ እንዳልፈልግ ያገሬው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ሐጃ ሳዲያ ለምን ተዉህ?" ብሎ ነው። ምን ልበል? ሥጋቸውን ባለመብላቴ? ጋሽ ጥላሁንን ባማክራቸው በሃይማኖትህ ስለጸናህ እግዚአብሔር ይከፍልሃል አሉኝ። ኢቃማውንም እሱ ያድሰው እንደሆነ ብጠይቃቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እንስራው ዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ከኋላው ወንበር ላይ ሐጃ ሳዲያ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ ነጭ ሙክት፣ እሱም እንደሰው ተቀምጧል። ዒድ ስላለፈ ገበያ ላይ ሰው እንደሌለና በጉን አማርጠው እንደገዙ ተናግረው ግቢው መሃል ካለው ኒም ዛፍ ላይ አሰሩት። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ።

"የራሳችሁን እርድ ነው የምትበሉት አይደል? ያው በግህ። በራስህ እጅ፣ በራስህ አምላክ ስም እረድ። እኔ ፊት ተቀምጠህ ብላ። ስትበላ አይቼ እፈርማለሁ። ከላስ፣ አለቀ።"

ከዚህ የበለጠ ፍርድ ማን ይሰጣል? ሃይማኖቴን አክብረው፣ ውሸቴን ቀጥተው፣ በግ ጨምረው። ጋሽ ጥላሁን እንኳን እንዲህ ያለ ዳኛ ጎንደርም የለ ብለው መሰከሩ። የቀረው አንድ ትንሽ ነገር ነው። እኔ ማረድ አልችልም።

ለስሙ የጎጃም ወንድ ነኝ እንጂ ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። አባቴ ቤት በዓል ሲደርስ "ፈተና አለብኝ" ብዬ መጽሐፍ ይዤ ጓሮ እገባ ነበር። ወንድሞቼ ቢላዋ ሲስሉ እኔ የወንዝ ስም አጠና ነበር። ጎበዝ ተማሪ የሆንኩት በዚሁ ነው፤ የዓለምን ዋና ከተማ በሙሉ የሸመደድኩት በግ ሲጮህ ነው። ይህን ካርቱም ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጋሽ ጥላሁን ያርዱልኝ እንዳልል ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል፤ ባለፈው ፋሲካ ዶሮ ያዝኩ ብለው የዘሀራን ቦርሳ ሊባርኩ ነበር። እሳቸው ቢላዋ ይዘው ከሚመጡ እኔ ራሴ ባርድ ይሻላል።

ስለዚህ የቀረችኝ የቀን መቁጠሪያዬ ናት። እሑድ ሰንበት ነው፣ ደም አይፈስም አልኳቸው። ሰኞ ቢላዋው ደንዟል አልኩ። ማክሰኞ ዝናብ ጥሎ ግቢው ጭቃ ሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ረቡዕ ጾም ነው። ሐጃ ሳዲያ በጣታቸው ቆጠሩ። ረቡዕ አይበላም፣ ዓርብ አይበላም፣ ቅዳሜም ሰንበት እሑድም ሰንበት፤ ከዚያ ላይ አሥራ አምስት ቀን፣ ከዚያ ላይ ሌላ አለ ይላሉ። "እና እናንተ አገር በግ ማን ጨረሰው?" ብለው ጠየቁኝ።

በዚህ መሃል በጉ ለመደኝ። በግ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ ይኼኛው ከአራጁ ጋር መዋል ብቻ ሳይሆን ገመዱን ፈትቶ ክፍሌ ድረስ ይከተለኝ ጀመር። ዳቦዬን እንካፈላለን። የክረምት ማጠናከሪያ ተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም አጠገቤ ተኝቶ ሦስት ወረቀት በላ፤ ሁለቱ ዜሮ ስለነበሩ ቅር አላለኝም። ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰላም አልኩት።

ሐሙስ የመጨረሻዋ ቀን ነች። ዓርብና ቅዳሜ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፤ እሑድ ፈቃዴ ያልቃል። ቀትር ላይ ዘሀራም ደረሰች፤ ያለፈውን ሐሙስ የዒዱ እንግዳ አስቀርቷት ነበር። የሆነውን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። ሁለት ድርሻ ስለመብላቷ ብጠይቃት መጀመሪያ ዓመት አፍራ እንደነበር፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ሳህኔ ሲዘገይባት ትጨነቅ እንደነበር አልደበቀችኝም። ሐጃ ሳዲያም አልተቆጧትም። እንዲያውም ዛሬ ከኡስታዙ እርድ አብረሽን ትበያለሽ አሏት።

ዘሀራ ወደ ኋላ አለች። "ያ ሐጃ፣ በአላህ፣ ይህንን ተዪኝ። እኔ የክርስቲያን እርድ አልበላም።"

ሐጃ ሳዲያ ግራ ተጋቡ። መጽሐፋቸው የክርስቲያኑን ምግብ እንደሚፈቅድላቸው፣ እሳቸው ዛሬ ከእኔ እርድ ሊበሉ አስበው ምሳ እንዳልቀመሱ ነገሩን። ከዚያ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። "እናንተ ሁለታችሁ ግን የትኛውን መጽሐፍ ነው ያነበባችሁት?"

እኔና ዘሀራ ተያየን። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሷ ወሎ፣ እኔ ጎጃም፤ የትም ያላነበብነውን አንድ ነገር ሁለታችንም በቃላችን ይዘነዋል። እኔ ይህን ሃይማኖት ብዬ በቀይ ጠመኔ ስከብበው ነበር። ሐጃ ሳዲያ ግን እንደ ሰው አገር ልማድ ነው ያዩት፣ ልክ እኛ የእነሱን ቶብ እንደምናይ። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ምዕራፍ በአንድ ጥያቄ ተደረመሰ። ጋሽ ጥላሁን ብቻ አልተደረመሱም፤ ያላነበቡት መጽሐፍ ስለሌለ አይደለም፣ በጉን ጠልፈው እየጣሉ ስለነበር ነው።

"ወደ ምሥራቅ አዙረው" አሉኝ። አዞርኩት። በጉ አንገቱን ዘወር አድርጎ በምሥራቅና በመካ መካከል አንድ ቦታ ላይ አረፈ። ቢላዋውን ተቀበልኩ። በስመ አብ አልኩ። ወወልድ አልኩ። በጉ ቀና ብሎ አየኝ። ዳቦ የምሰጠው መስሎታል። ወመንፈስ ቅዱስ ላይ ስደርስ የኒሙ ዛፍ ሁለት ሆነ፣ ጋሽ ጥላሁንም ሁለት ሆኑ፣ እኔ እንስራውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ሐጃ" አልኩ፣ ድምፄ ከሩቅ እየመጣ። "እኔ ደም እፈራለሁ። ማረድ አልችልም። ችዬም አላውቅም።"

በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የከበደችኝ የለችም። ሥጋ አልበላሁም ማለት እንኳን ከሷ ይቀላል። ጋሽ ጥላሁን ጎጃምን ወክለው አንገታቸውን ደፉ። ሐጃ ሳዲያ ግን ጥቂት አይተውኝ ሳቁ፤ ከዒድ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ቶባቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ጉልበታቸውን እያቃሰቱ ተንበረከኩ፣ ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱ። ቢስሚላህ ሲሉ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ አልቋል። ባላቸው መንገድ ሲከርሙ፣ ገጠር እንግዳ ሲመጣ፣ ማን ያርድ የነበረ መሰላችሁ?

በዚህ ጊዜ ጋሽ ጥላሁንና ዘሀራ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሃይማኖት ሆኑ። ሴት አረደች ብለው እኩል ደነገጡ። ዘሀራ እስላም ያረደውን ስትጠብቅ ኖራ ሴት ያረደችውን አልበላም አለች። ጋሽ ጥላሁን እስላምም ሆነ ሴትም ሆነ በሁለቱም በኩል ሥጋውን እንደማይነኩት አስታወቁ። ሙሉ ሙክት ታርዶ በግቢው ውስጥ ከሐጃ በቀር የሚበላ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ወረቀቱ የሐጃ ሳዲያ ጭን ላይ ነው።

የቀረበልኝ ጎድኑ ነው። መጀመሪያ እናቴን አሰብኩ። ቀጥሎ በጉን አሰብኩ፣ እሱ ባሰኝ። በመጨረሻ ጉርሻው መጣ፣ አፌን ከፈትኩ። አምስት ዓመት ሙሉ "ጣት ያስቆረጥማል" ስል ዋሽቼ አልነበረም ለካ። ሐጃ ሳዲያ ሁለተኛ ጉርሻ አላመጡም፣ ራሴው አነሳሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዘርግተው ፈረሙ። "ሀሰ ዐረፍቱክ" አሉኝ፤ አሁን አወቅኩህ ማለታቸው ነው።

በመጽሐፋችን መጨረሻ "የተለያየ ባህል ያላቸውን ሕዝቦች የሚያቀራርቡ ነገሮች" የሚል ርዕስ አለ። ንግድ ይላል፣ ስደት ይላል፣ ጋብቻ ይላል፣ መቻቻል ይላል። የእኔ ጉዳይ የትኛው ሥር እንደሚገባ ብዙ አሰብኩ። ብቻዬን ስሆን እውነቱን ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ እኔን ያቀራረበኝ መቻቻል አይደለም፣ ቢላዋ መፍራት ነው። ለተማሪዎቼ እስካሁን አላስተማርኩትም።

ኢቃማዬ ታደሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ሐጃ ሳዲያ ሳህን ላኩ። በሩን ሳልዘጋ ቁጭ ብዬ እበላ ነበር። ዘሀራ ከማንሺያ ገና መድረሷ ነው፣ ጓዟንም ሳታወርድ በሬ ላይ መጥታ ቆመች። ጎረስኩ። አየችኝ። ገብታ ከፊቴ ተቀመጠች፣ እንደ ታላቅ እህት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ኡስታዝ፣ ሰው በሰው አገር ብዙ ነገር ይለምዳል፣ እሱስ ይሁን። ሃይማኖት ግን አይለመድም። እናትህ ምን ብላ ነው የሸኘችህ? ወላሂ ይቺን ብትሰማ አልቅሳ አታባራም። ባልገባበት ነበር፣ ግን ወንድሜ ነህ፣ ነፍስህ አሳዘነችኝ። ተመለስ። አሁንም አልረፈደም።"

ቄስ መክሮኛል፣ የንስሐ አባት ገሥጾኛል። ክርስትናዬን አጥብቄ እንድይዝ እንደ ዘሀራ እንባ አቅርሮ የለመነኝ ግን አንድም የለም። ይህን ሁሉ ስትለኝ ዓይኗ ከሳህኑ ላይ አልተነሳም።